ካፕሬዜሽ ለምን ውሃ ሞላው?

ጥያቄው፦ «ሼፍ፣ ለእህቴ ምርቃት ካፕሬዜ የሚሉትን የጣልያን ሰላጣ ልሥራ ብዬ ጉድ ሆንኩ። ቲማቲሙንና ሞዛሬላ የተባለውን አይብ ጠዋት ቆርጬ ደረደርኩ። ጨው ነሰነስኩ፣ የባሲል ቅጠሉን በቀጫጭኑ ከተፍኩ፣ ነጭ ሽንኩርትና ባልሳሚኮ የሚሉትን ጥቁር ኮምጣጤ ጨመርኩበት። ሸፍኜ ፍሪጅ አስገባሁት። እንግዶች ተሰብስበው 8 ሰዓት ላይ ሳወጣው ሳህኑ ውሃ ሞልቶታል፣ አይቡ ላስቲክ ሆኗል፣ ቅጠሉ ጠቁሯል። ሞዛሬላው ከሱፐርማርኬት የገዛሁት፣ በላስቲክ የታሸገ ጠንካራ ድፍን ነው። ግማሹ ተርፎ ተደፋ። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት? ደግሞስ በሀገራችን አይብ ቢሠራ አይሆንም?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ለተመራቂዋ እንኳን ደስ ያላት። ቀጥሎ፣ አትዘኚ። ይሄንኑ ስህተት እኔ ደመወዝ እየተከፈለኝ ሠርቼዋለሁ።

ወጥ ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ቀዝቃዛ ምግብ የሚዘጋጅበት ክፍል ተመድቤ ነበር። የምሳ ግርግር ሳይጀምር ልገላገል ብዬ 4 ሰዓት ላይ ሃያ ሳህን ካፕሬዜ ደርድሬ ጨረስኩ። ጨውም ነሰነስኩ። በራሴ ኮራሁ። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ኃላፊያችን ፍሪጁን ከፈተ። አንዱን ሳህን አንስቶ አዘነበለና ውሃውን እቃ ማጠቢያው ላይ አንቆረቆረው። ምንም አልተናገረም። ሁለተኛውን አነሳ። ሦስተኛውን። ሃያውም እስኪያልቅ ቆሜ አየሁ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ካፕሬዜ እሳት የማይነካው ምግብ ነው። እሳት ስለሌለው የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ሰዓትና ቅዝቃዜ ነው። የዘረዘርሻቸው ችግሮች ብዙ ይመስላሉ እንጂ አብዛኞቹ አንድ ናቸው፤ አስቀድመሽ ሠርተሽ ፍሪጅ አስገባሽው። የቀረው የአይቡ ጉዳይ ነው። እሱን በደንብ እናየዋለን።

ስሙ የካፕሪ ማለት ነው። ካፕሪ ከናፖሊ ፊት ለፊት ባሕር ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ጣልያኖች ይሄን ሳህን በብዛት እንደ አንቲፓስቶ፣ ማለትም ዋናው ምግብ ከመምጣቱ በፊት ይበሉታል። ማን ፈጠረው ለሚለው ብዙ ተረት አለ። አንዳንዱ በ1920ዎቹ የደሴቷ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ፓስታ ለሚጠሉ አርቲስቶች ተሠራ ይላል። ሌላው የግብፁን ንጉሥ ፋሩክን ያነሳል። እኔ ሁለቱንም ብዙ አላምናቸውም። ቲማቲም፣ አይብና ባሲል አጠገብ ለአጠገብ በሚገኙበት አገር ይሄን ለመፍጠር ንጉሥ አያስፈልግም። ቀዩ፣ ነጩና አረንጓዴው የጣልያን ባንዲራ መሆኑ ግን ለዝናው ሳይረዳው አልቀረም። አንድ ቀን ናፖሊ ከሄድሽ ደግሞ ተጠንቀቂ፤ ኬክ ቤት ገብተሽ «ካፕሬዜ» ካልሽ የቸኮሌትና የአልሞንድ ኬክ ነው የሚመጣልሽ። እሱም በዚሁ ስም ይጠራል።

አሁን ወደ አይቡ።

«ሞዛሬላ» የሚለው ስም የመጣው «ሞዛሬ» ከሚል የጣልያንኛ ግስ ነው፤ መቁረጥ፣ መጎመድ ማለት ነው። አሠራሩን ስታዪ ስሙ ይገባሻል። ወተቱ ለብ ይልና ሬኔት በሚሉት ማርጊያ ይረጋል። ይሄ ማርጊያ በጥንቱ አሠራር ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣ ነው። የረጋው ተቆራርጦ ይቆይና ቀስ እያለ ይኮመጥጣል። ኮምጣጣነቱ ልኩ ላይ ሲደርስ በጣም የሞቀ ውሃ ይፈስበታል፤ ሊፈላ ትንሽ የቀረው ውሃ ነው። ከዚያ ይሳባል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ይሳባል። መጀመሪያ እንደ ሊጥ ነው፣ በኋላ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። በመጨረሻ አይብ ሠሪው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥሮ ይበጥሰዋል። ያ ቁንጠራ ነው «ሞዛሬ»።

በመሳቡ ምክንያት ውስጡ እንደ ክር የተደራረበ ይሆናል። በክሮቹ መሃል ወተት ወተት የሚል ፈሳሽ ተይዞ ይቀራል። ጥሩ ትኩስ ሞዛሬላ ሲቆረጥ የሚያለቅሰው ለዚህ ነው። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው።

አንቺ የገዛሽው ይሄ አይደለም። ስትገልጪው ነው ያወቅኩት። በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ የታሸገው፣ ጠንካራው፣ ቢጫ የሚመታው ድፍን የፒዛ ሞዛሬላ ነው። ሆን ተብሎ ውሃው እንዲቀንስ የተሠራ ነው፤ አለበለዚያ የፒዛውን ሊጥ ያረጥበዋል። እሳት ሲያገኝ ግሩም ነው። ጥሬውን ስትበዪው ግን ጥርስ ላይ ይንጫጫል። በዚያ ላይ ከፍሪጅ ቀጥታ ስለወጣ ስቡ ደርቋል። ላስቲክ የሆነብሽ አንቺ አበላሽተሽው አይደለም፤ መጀመሪያውኑ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም።

ስትገዢ አንድ ነገር ብቻ እዪ፤ አይቡ ፈሳሽ ውስጥ ይዋኛል ወይስ አይዋኝም? የሚዋኘው ነው የሚፈለገው። በብዛት 125 ግራም የሚመዝን ክብ ኳስ ሆኖ፣ በከረጢት ወይም በኩባያ፣ ከነፈሳሹ ይሸጣል። እቤት ስታደርሺው ፈሳሹን አትድፊው። የተረፈ ካለም እዚያው ፈሳሽ ውስጥ መልሰሽ አስቀምጪው። ባለቤቱ «ትኩስ ሞዛሬላ» ብሎ የማያውቅ ሱቅ ከሆነ «በውሃ ያለው» በይው፤ ይገባዋል።

ስለ ጎሽ ሞዛሬላ የሰማሽ እንደሆነ፣ አዎ፣ አለ። ጎሽ ስል የኦሞን ጎሽ እንዳታስቢ፤ ለማዳ የውሃ ጎሽ ነው፣ እንደ ላም ይታለባል። ከናፖሊ ወጣ ብሎ ካዜርታና ሳሌርኖ አካባቢ ይረባል። «ሞዛሬላ ዲ ቡፋላ ካምፓና» የሚለው ስም ከ1996 ጀምሮ በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ሌላ አካባቢ የተሠራ በዚህ ስም አይሸጥም። የጎሽ ወተት ስቡ ከላም ወተት እጥፍ ይጠጋል። አይቡም እንደ ስኒ ሸክላ ነጭ ነው። ከላም ወተት የሚሠራውን ደግሞ ጣልያኖቹ «ፊዮር ዲ ላቴ» ይሉታል፤ የወተት አበባ ማለት ነው። የጎሹ ውድ ስለሆነ ለካፕሬዜ የግድ እሱ መሆን አለበት የሚል ሰው ይገጥምሻል። እኔ አልስማማም። የጎሹ በጣም ያለቅሳል፤ ብቻውን በዳቦ ሲበላ ነው ነፍስ የሚዘራው። ለዚህ ሳህን የላሙን እመርጣለሁ። ኪስሽም ያመሰግነኛል።

የትኛውም ይሁን፣ ከመብላታችሁ ከአንድ ሰዓት በፊት ከፍሪጅ አውጪው። ረስተሽ ከሆነ ከነከረጢቱ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስር ደቂቃ ዘፍዝፊው። ለብ ያለ ነው ያልኩት፤ የሚያቃጥል ውሃ ካገኘ መሳብ ይጀምራል።

ቲማቲሙ ይቀጥላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ የዚህ ሳህን ጌታ ቲማቲም ነው። አይቡ መካከለኛ ሆኖ ቲማቲሙ ጥሩ ከሆነ ሰው ይበላዋል። በተቃራኒው ከሆነ አይበላም።

እኛ ገበያ ላይ በብዛት የምናገኘው ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ የሚመጣው ሞላላው ዓይነት ነው። ሥጋው ወፍራም፣ ፍሬው ጥቂት፣ ውሃው ያነሰ። ይሄ ዓይነት ለወጥና ለስጎ ነው ተብሎ ይናቃል። ጣልያን ውስጥም እንደ ሳን ማርዛኖ ያለው ሞላላ ቲማቲም ለስጎ ነው የሚውለው፤ ለካፕሬዜ ትልልቁንና ሸንሸን ያለውን፣ «የበሬ ልብ» የሚሉትን ይወዳሉ። ለአንቺ ችግር ግን የእኛው ሞላላ አንድ ጥቅም አለው፤ ሳህንሽን አያጥለቀልቅም። ችግሩ ሌላ ነው። መንገድ ላይ እንዳይፈርስ ሳይበስል ይለቀማል። ስለዚህ ለቅዳሜ ድግስ ረቡዕ ግዢው። ፍሪጅ ሳታስገቢ፣ ከግንዱ የተቆረጠበትን ጠባሳ ወደ ታች አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ ደርድሪው። ካልቀላ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት አድርጊው፤ ሙዙ የሚለቀው ጋዝ ያበስለዋል። ሲሸት ታውቂዋለሽ። አፍንጫሽን ጠባሳው ላይ አስጠግተሽ የቲማቲም ቅጠል ሽታ ካልሸተተሽ ገና ነው።

የፍሪጁ ነገር ወሬ አይደለም። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ባሳተሙት ጥናት የበሰለ ቲማቲም በ5 ዲግሪ ለአንድ ሳምንት ከቆየ መዓዛውን የሚሠሩት ጂኖች እንደሚዳከሙ አሳይተዋል። መልሰሽ ብታሞቂውም መዓዛው እንደ ቀድሞው አይመለስም። የአንቺ ጥቂት ሰዓት ነው፣ እስከዚያ አላደረሰውም። ግን ቀዝቃዛ ቲማቲም አይሸትም፤ የማይሸት ቲማቲም ደግሞ አፍ ውስጥ ቀይ ውሃ ነው።

ውሃው ከየት መጣ ላልሽው፣ ከጨው ነው። ቲማቲም ከመቶ ዘጠና አራቱ እጅ ገደማ ውሃ ነው። የተቆረጠ ፊቱ ላይ ጨው ሲያርፍ ጨው ውሃውን ይስባል። አምስት ሰዓት ሙሉ ሲስብ ዋለ። አይቡም ላይ እንደዚያው አደረገ።

መፍትሔው ጨውን መተው አይደለም። ጨው ቀድሞ ሥራውን እንዲሠራ ማድረግ ነው፣ ግን ከሳህኑ ውጭ። ቲማቲሙን ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በለጥ አድርገሽ ቁረጪ። ሰፊ ትሪ ላይ ሳይደራረብ ዘርጊና ጨው ነስንሺበት። አስር ደቂቃ። ትሪውን ዘንበል ስታደርጊ ሦስት አራት ማንኪያ ጭማቂ ይወጣል። እሱን እንዳትደፊው! በትንሽ ሳህን አጠራቅመሽ የወይራ ዘይት ጨምሪበትና በሹካ ምቺው። የካፕሬዜው ስጎ ይሄ ነው፤ ኮምጣጤ የፈለግሽው ለዚህ ነበር፣ ግን ቲማቲሙ ራሱ ይዞት መጥቷል።

አይቡንም እንዲሁ። በእጅሽ ቦጨቅ ቦጨቅ አድርጊው ወይም ቁረጪው። ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ይንጠፈጠፍ። እኔ መቦጨቅ እወዳለሁ። ቢላ ፊቱን ያለሰልሰዋል፣ ዘይቱ ይንሸራተታል። የተቦጨቀ ሲሆን ዘይቱ በየስንጥቁ ይገባል። ድግስ ላይ ተራ በተራ ተደርድሮ እንዲታይ ከፈለግሽ ግን ቁረጪው፤ ዓይንም ይበላል።

ባሲሉን ቢላ ያጠቁረዋል። ሲከተፍ ሕዋሶቹ ይፈርሳሉ፣ አየር ሲያገኛቸው ልክ እንደ ተላጠ ድንች ይጠቁራሉ። ብርድም አይወድም። ፍሪጅ ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ኮምጣጤ ሲጨመርበት አረንጓዴው ወደ ወይራ ቀለም ይወርዳል። አንቺ ሦስቱንም በአንድ ቀን አደረግሽበት፤ ምን ያድርግ? እንደ አበባ ግንዱን ውሃ ባለበት ብርጭቆ አድርገሽ ወጥ ቤት አስቀምጪው። ቅጠሉን በመጨረሻ፣ በእጅ፣ ትንንሹን ሙሉውን፣ ትልልቁን ለሁለት ቀደሽ ጣል አድርጊ።

«በሶብላ አይሆንም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። በሶብላ የባሲል ዘመድ ነው፣ መዓዛው ግን በጣም የበረታ ነው። ለሽሮና ለበርበሬ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። ለጋውን ቅጠል ሁለት ሦስት ብቻ ብታደርጊ ደስ የሚል ነገር ይወጣዋል። እንደ ባሲል ከሞላሽበት ግን ሽሮ ሽሮ ይላል።

ነጭ ሽንኩርቱን ተዪው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ካለ ምንም ሌላ ነገር አይሰማም። ባልሳሚኮውም የዚህ ቤት ልጅ አይደለም። አገሩ ሰሜን ጣልያን ሞዴና ነው፤ ካፕሪ ደቡብ ናት። ሬስቶራንቶች ጥቁር መስመር አድርገው ሳህን የሚያስጌጡበት በኋላ የመጣ ፋሽን ነው። የምትወጂው ከሆነ አልከለክልሽም፣ የቤትሽ ሳህን ነው። ግን ጥሩ ቲማቲም ያለ እሱ ቅመሽና ፍረጂ። እዚያው ናፖሊ አካባቢ ደረቅ ኦሬጋኖ ቆንጠር አድርገው የሚነሰንሱ አሉ። እሱ ይስማማል። ቁንዶ በርበሬም ለወደደ።

ዘይቱ የወይራ ዘይት ነው፣ «ኤክስትራ ቨርጂን» የሚለው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ትንሹን ጠርሙስ ግዢ፣ ጥቁር መስታወት ያለውን፣ ከምድጃ አጠገብ አታስቀምጪው። የሱፍ ዘይት ጣዕም ስለሌለው እዚህ ቦታ የለውም። የኑግ ዘይት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሁሉንም ይጫናል።

ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ቲማቲም፣ ሁለት ኳስ ሞዛሬላ፣ አስር አስራ ሁለት ቅጠል ባሲል፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። ቲማቲም፣ አይብ፣ ቲማቲም፣ አይብ እያልሽ አስተኚ። የመታሽውን ጭማቂና ዘይት አፍስሺበት፣ አይቡ ላይ ብቻ ትንሽ ጨው፣ ቅጠሉን ጣል። አለቀ። ዳቦ አጠገቡ ይኑር። እኛ ሳህን በእንጀራ እንደምንጠርገው ጣልያኖች የቀረውን ስጎ በዳቦ ይጠርጉታል፤ ስሙንም «ስካርፔታ» ይሉታል፣ ትንሿ ጫማ። ሳህኑ ካልተጠረገ ካፕሬዜው አልጣፈጠም ማለት ነው።

«ታዲያ እንግዳ ቆሞ እያየኝ ልቆርጥ ነው?» ትዪኛለሽ። የእኛን እንግዳ ደግሞ እናውቀዋለን። 6 ሰዓት የተጠራ 8 ሰዓት ይመጣል፣ «ትራፊክ» ይላል። ስለዚህ አታዋህጂ፣ አዘጋጂ። ቲማቲሙ ታጥቦ፣ ሙሉውን፣ ጠረጴዛ ላይ። ቅጠሉ ታጥቦ ደርቆ ብርጭቆው ላይ። አይቡ ከነፈሳሹ ፍሪጅ ውስጥ። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ጫማቸውን ሲያወልቁ አይቡን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨምሪ። ሰላምታው፣ «እንዴት ናችሁ፣ ልጆች ደህና ናቸው» የሚለው ሲያልቅ ቲማቲሙን ቆርጠሽ ጨው ነስንሺ። ለስላሳ እስኪቀዳ ደርሷል። ቀርቦ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ጠረጴዛ ላይ አይቆይ፤ ትኩስ አይብ ሙቀት ላይ ቶሎ ይበላሻል።

ስለ አይባችን ጥሩ ነገር ነው የጠየቅሽው። የእኛ አይብና ሞዛሬላ ዝምድናቸው ሩቅ ነው። አይብ የሚሠራው ቅቤው ተንጦ ከወጣለት አሬራ ነው። ስቡ ሄዷል፣ ኮምጣጣነቱ ቀርቷል፣ የሚያረጋውም ይሄ ኮምጣጣነቱና ሙቀቱ እንጂ ሬኔት አይደለም። ስለዚህ ይፈረፈራል እንጂ አይሳብም። ከጣልያኖቹ ውስጥ ቀረብ የሚለው ሪኮታ ነው፤ እሱም ከአጓት በሙቀት የሚወጣ ነው፣ ስሙም «ዳግም የበሰለ» ማለት ነው። በአይብ ካፕሬዜ አይሠራም። በአይብ ጥሩ የቲማቲም ሳህን ግን ይሠራል። አይቡን በስስ ጨርቅ ቋጥረሽ አንድ ሰዓት አንጠልጥይው፣ አጓቱ ይውረድ። ጨውና ሁለት ማንኪያ የወይራ ዘይት ጨምረሽ እሺው። ቲማቲሙን ከላይ እንዳልኩሽ አዘጋጅተሽ አይቡን በማንኪያ ቁልል ቁልል አድርጊበት። ቃሪያ በስሱ ከትፈሽ ብትጨምሪ አልቃወምም። እዚህ በሶብላውም ቦታ አለው። እኔ ቤቴ ከእውነተኛው ካፕሬዜ ይልቅ ይሄን አዘውትሬ እበላለሁ።

ለስለስ ያለ፣ ስብ ያለው ከፈለግሽ ደግሞ ሁለት ሊትር ትኩስ ሙሉ ወተት ሊፈላ ሲል አውርጂና አራት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሪበት። አንዴ አማስለሽ ተዪው። በአስር ደቂቃ ይለያል። በጨርቅ አጥልለሽ ግማሽ ሰዓት ይንጠፍጠፍ። ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ ተብሎ በካርቶን የሚሸጠው ወተት አይሆንሽም፤ በደንብ አይረጋም። ከገበሬ የገዛሽው ከሆነ ደግሞ አጥብቀሽ አፍይው፤ ካልፈላ ወተት በሽታ ይተላለፋል።

ረቡዕና ዓርብ ወይም በጾም ከሆነ አይቡን በአቮካዶ ተኪው። ስሙ ካፕሬዜ አይሆንም፣ ማንም ግን አይጠይቅሽም።

ያ ፍሪጅ ውስጥ የቀረ ጠንካራ ሞዛሬላ ካለሽ ዳቦ ቆርጠሽ ቲማቲም አስተኚበት፣ እሱን ፈርፍረሽ ከላይ አድርጊና ፎርኖ አስገቢው። ሲቀልጥ አውጪው፣ ባሲሉን ከወጣ በኋላ ጣል። ካፕሬዜ ተርፎሽ ውሃ ካወጣም ከእንግዲህ አትድፊው። ሁሉንም ከነውሃው ከታትፊው፣ ፓስታ ቀቅለሽ ውሃውን እንዳጠለልሽ፣ ትኩሱ ላይ ገልብጪውና ክዳኑን ግጠሚ። ሁለት ደቂቃ ጠብቂ። አይቡ ይሳባል።